ያገለገለ የላርጅ ፎርማት (በትልልቅ ሉህ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ) ሌንስ ለምትሸጡ ሰዎች ሁሉ

«ሸተሩ በሚገባ ይሠራል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እባካችሁ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ አስገብቶ የሚዘጋውን የሌንሱን ክፍል፣ አንድ ሴኮንድ ላይ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ስጡት። 1/125 ሴኮንድ ላይ አድርጎ «ቀጭ» ማሰኘት ፍተሻ አይደለም። ኮፓል የተባለው ኩባንያ በሠራው ሸተር ውስጥ ዝግተኞቹን ፍጥነቶች የሚቆጣጠሩት እንደ ሰዓት ያሉ ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው፤ ቅባታቸው በዘመን ብዛት ሲደርቅ፣ ፈጣኖቹ ደህና ሆነው እነዚህ ብቻ ይንቀረፈፋሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅጠሉ መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ «ሸተሩ በሚገባ ይሠራል» ተብሎ የተሸጠልኝን ሌንስ ይዤ ገና ሳይነጋ ከቤቴ ወጥቼ በሜሪላንድ በኩል ወደ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ሄድሁ። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው የእንጨት መተላለፊያ ሰው በተራመደበት ቁጥር ስለሚርገበገብ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ በመስታወቱ ላይ የተገለበጠውን ምስል ካስተካከልሁ፣ ሸተሩን ከዘጋሁና የፊልሙን መከለያ ከሳብሁ በኋላ፣ የመልቀቂያውን ገመድ ይዤ የመጨረሻው ኮቴ እስኪርቅ እጠብቅ ነበር። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሉህ ኤክታክሮም (የኮዳክ ስላይድ ፊልም) አነሣሁ፤ ሁሉንም በኤፍ 22 (በጠባብ የሌንስ ቀዳዳ)፣ በግማሽ ሴኮንድ። ግማሽ ሴኮንድን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ውኃ ለ30 ሴኮንድ ሲነሣ ጉም ይመስላል፣ ኃይሉም ይጠፋል፤ በግማሽ ሴኮንድ ግን ዐለቱን መትቶ የታጠፈበት መስመር ሁሉ እንደ ጥጥ ፈትል ተለይቶ ይታያል።

ፊልሙ ታጥቦ መጣ። በብርሃን ሰሌዳው ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ስመለከተው ዐለቱ አለ፣ ቅጠሉም ደብዝዞ አለ፤ ውኃው በነበረበት ቦታ ግን ምንም ያልተሣለበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ብቻ ቀርቷል። ስልኬን ከሸተሩ አጠገብ አስቀምጬ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ድምፅ ቀርጬ ለካሁ። ግማሽ ሴኮንድ የተባለው 1.3 ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ ስቶፕ በላይ ትርፍ ብርሃን፣ ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ፊልም ይህን ይችለው ነበር፣ ስላይድ ግን ብርሃን ሲበዛበት ስለሚነጣ አይምርም። አንዱ ሉህ ከነማጠቢያው ከ10 ዶላር በላይ ነው፤ ገንዘቡስ ይቅር፣ ያን ማለዳ ማን ይመልስልኛል?

አንጀቴን ያሳረረው ደግሞ የሻጩ መልስ ነው። «ረጅም ኤክስፖዠር ላይ ፊልም መዛነፉ ያለ ነገር ነው፤ ሪሲፕሮሲቲ ፌይለር ይባላል» ብሎ ጻፈልኝ። ይህ የተባለው ነገር፣ ፊልም በደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲጋለጥ ብርሃን የመቀበል አቅሙ የሚቀንስበት ጠባይ ስለሆነ ምስሉን ያጨልመዋል እንጂ አያነጣውም። ኮዳክ ለትራይ ኤክስ (ለጥቁርና ነጭ ፊልሙ) ባወጣው ሠንጠረዥ ላይት ሜትሩ (የብርሃን መለኪያው) 10 ሴኮንድ ሲል 50፣ 100 ሲል 1200 ሴኮንድ ስጡት የሚለው ለዚህ ነው፤ ለዛሬው ኤክታክሮም ግን እስከ 10 ሴኮንድ ድረስ ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም ብሏል። በግማሽ ሴኮንድ ፊልሙን ጥፋተኛ ማድረግ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው።

ቀጠለና «አንተ የምታነሣው ለረጅም ጊዜ ከሆነ ሸተር ምን ያደርግልሃል? በሌንሱ ክዳን ተጠቀም» አለኝ። ለሁለት ደቂቃ ቢሆን እውነት ነበር፤ ክዳኑን ከፍቼ ሰዓቴን እያየሁ መዝጋት እችላለሁ። በክዳን ግማሽ ሴኮንድ መስጠት የሚችል እጅ ግን የለም።

ኮፓል አዲስ ሸተር መሥራት ካቆመ ዓመታት ስላለፉ ሁላችንም የምንቀባበለው ያንኑ አሮጌውን ነው። ማርጀቱ ነውር የለበትም። የአንድ ሴኮንዱን ድምፅ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ከሌንሱ ፎቶ ጋር ለጥፉልን፤ የሚዘገይ ከሆነም ይዘገያል ብላችሁ ጻፉ፣ የጥገናውን ዋጋ አስበን እንገዛዋለን። የእኔው ሸተር አሁን ከባለሙያ ዘንድ ወረፋ ይዟል፤ እስኪመለስ ድረስ ግሬት ፎልስ ቅጠሉን አራግፎ ይጨርሳል።