አውርዶ ለሚሰወረው ወገናችን

ደሴ ፒያሳ፣ ዋይፋይ ያለበት ካፌ፣ አንድ ማኪያቶ። ወገናችን ሦስት ጊጋ ፊልም በቶረንት፣ ማለትም ያወረደ ሁሉ ለሌላው እየላከ ፋይል በሚጋራበት መንገድ፣ ያወርድና መቶ ከመቶ በሞላች ቅጽበት ቶረንቱን ሰርዞ ላፕቶፑን ይከድናል። ማሻአላህ! ቆራጥነት እንዲህ ነው።

ስስታም የሚሉት ምቀኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኑቴላ በተባለው የፋይል መጋሪያ ኔትወርክ ላይ የተሠራ ጥናት ከተጠቃሚው 70 በመቶ ያህሉ አንድም ፋይል እንደማያጋራ፣ ከሚመጣው መልስ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከመቶ አንድ ከሚሆኑት እንደሚገኝ አሳይቷል። እንግዲህ ወገናችን ከብዙኃኑ ጋር ነው፤ ዴሞክራት በሉት።

እ.ኤ.አ. በ2001 ቶረንት የሚሠራበትን ስልት፣ ቢትቶረንትን፣ ያወጣው ብራም ኮኸን ግን ይህን ጥበብ አላከበረም። ፋይሉን ቆራርጦ «ለሰጠኝ እሰጣለሁ» የሚል ሕግ አስገባበት። ፕሮግራሙ በየ10 ሰከንዱ ማን በደንብ እንደላከለት ያይና ለጥቂቶች ብቻ፣ በተለምዶ ለ4 ያህል፣ ከፍቶ ሌላውን በር ይዘጋበታል። አዲስ ገቢ የሚሰጠው ስለሌለው ግን በየ30 ሰከንዱ አንዱን በዕጣ ይሞክራል። ወገናችን የሚያድረው በዚህች ዕጣና ጨርሰው ክፍት በተዉ የዋሆች ነው።

አደራ፣ ብልሃቷን ቅሬ (የወሎ እድር) ላይ እንዳይሞክራት! እዚያ መዝገብ አለ፤ ዳኛው እስከነአባቱ ያውቀዋል። ቶረንት ላይ ያለው አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር) ነው፣ እሱም ነገ ይለወጣል። የሰጡትንና የወሰዱትን የሚመዘግቡ ዝግ ትራከሮች (አባል ብቻ የሚገባባቸው የቶረንት መገናኛዎች) መኖራቸውን ሰምቷል፤ ቢሮክራሲ ግን አይወድም።

በሞባይል ዳታ ሲሆን እውነት አለው፤ የሚላከውም ከጥቅሉ ይቆረጣል። «አፕሎድ ዳውንሎዱን ያንቀረፍፋል» ሲልም አልዋሸም፦ የመላኪያው መስመር ጢም ካለ «ደረሰኝ» የሚሉት ትንንሽ መልእክቶች ይዘገያሉ፣ መቀበሉም አብሮ ይጎተታል። መድኃኒቱ አፕሎዱን ከአቅሙ 80 በመቶ አካባቢ ላይ መገደብ ነው። ወገናችን በሰከንድ 1 ኪሎባይት ላይ ይገድበዋል። ለጥንቃቄ ነዋ!

ፕሮግራሙ ብርቅ የሆነውን ቁራጭ አስቀድሞ ይለቅማል። ቢሆንም ሙሉውን የያዘው የመጨረሻው ሰው አንዷን ቁራጭ ሳያድል ከወጣ፣ የቀረው ሁሉ 99.2 ላይ ተኮልኩሎ ይቀራል። የጎደለቻቸው ያችው አንዷ ስለሆነች እርስ በርስ የሚሰጣጡት የለም። ያኔ ወገናችን «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ አውርዶ የሚጠፋ!» እያለ ያማርራል። አብሽር፣ እናዝንልሃለን።

ከሁሉ የምናደንቀው ግን ያቺ 1 ኪሎባይትም የቆጨችውን ነው። ገደቡ ላይ 0 ይጽፋል። ዩቶረንትና ኪውቢትቶረንት በተባሉት የቶረንት ፕሮግራሞች ላይ 0 ማለት «ገደብ የለም» ነው። ላፕቶፑን ሳያጠፋ ይተኛል፤ እስኪነጋ ከኮምቦልቻ እስከ ብራዚል ላለ ለማያውቀው ሁሉ ሲያድል ያድራል።