በካርቶን ላይ ለተጻፈ ቁጥር አትክፈሉ

ወገኖች፣ ጨርቅ ስትገዙ በጣታችሁ ትዳስሳላችሁ፤ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ሽመናውን ታያላችሁ። በር ስታሠሩ ከፍታችሁ ዘግታችሁ ሳትሞክሩ ሒሳብ አትከፍሉም። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ካሜራ ወይም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው» የተባለ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ አናውቅም። ካርቶኑን ታነባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያም ለወዳጅ ዘመድ ታወራላችሁ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው። ዕቃው ረቂቅ ነው፣ እኛ ልንለካው አንችልም ትላላችሁ። እንዲህ የሚያሰኛችሁ የሻጩ አነጋገር ነው እንጂ አብዛኛው በማባዛትና በማካፈል የሚታወቅ ነው።

በፓወር ባንክ እንጀምር። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ የሚናገረው ውስጥ ስላለው ባትሪ ነው። ባትሪው የሚሠራው በ3.7 ቮልት ገደማ ሲሆን በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። 10,000ን በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ 37 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ትክክለኛው የጉልበት ልክ ይህ ነው። 37ን ለ5 ስታካፍሉ 7.4 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 7,400 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ከዚያ ላይ ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉን ያባክናል፤ ሲሠራ እጃችሁን የሚያሞቀው እሱ ነው። የሚቀርላችሁ 6,500 ገደማ ነው። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለቴ ይሞላል ብላችሁ ጠብቃችሁ አንዴ ተኩል ያህል ሞልቶ ሲያልቅ «ተበላሸ» የምትሉት ለዚህ ነው። አልተበላሸም፤ ሒሳቡን የነገራችሁ የለም።

ይህ ታማኙ ዓይነት ነው። በኪስ የሚያዝ ሆኖ 50,000 የተጻፈበት ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። ወፍራም ጣት ያክላል፣ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ጥሩው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። 50,000 ለመድረስ ከ14 በላይ ያስፈልጋሉ፤ ባትሪዎቹ ብቻቸውን ወደ 700 ግራም ይመዝናሉ። እንግዲህ 250 ግራም የሚመዝን ዕቃ 50,000 ተብሎ ሲሸጥላችሁ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አቃታችሁ? አንዳንዱማ ሲከፈት ከብዶ እንዲታይ አሸዋ የተሞላበት ይገኛል። ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ዋት ሰዓት ፈልጉ። ከሌለ አትግዙ። የገዛችሁትን ለማጣራት ደግሞ በቻርጀር ገመዱና በዕቃው መካከል የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ አለ፤ ሙሉውን ሞልታችሁ እስኪያልቅ ድረስ ስልክ ስትሞሉበት የወጣውን ዋት ሰዓት እየደመረ ያሳያል።

ከዚህ የከፋው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ፓወር ባንክ ቢያታልል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፣ ፍላሽ ሲያታልል ግን የሚጠፋው የቤተሰብ ፎቶና የቢሮ ሰነድ ነው። 2 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው 32 ወይም 64 ጊጋባይት ነው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ተሞልቷል፤ ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ሲለው «2 ቴራባይት» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። የመጀመሪያዎቹ 32 ጊጋባይት በደንብ ይጻፋሉ። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ወይ ባዶ ላይ ይፈስሳል፣ ወይ ተመልሶ መጀመሪያ የተጻፈውን ይደመስሳል። የሚያሳዝነው የፋይሎቹ ስም ዝርዝር መነሻው ላይ ስለሚቀመጥ ስማቸውም መጠናቸውም በትክክል መታየቱ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለውን «ገልብጬዋለሁ» ብላችሁ ታጠፉታላችሁ፤ ከወራት በኋላ ስትከፍቱት ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይመጣል ወይም ጨርሶ አይከፈትም።

ፎርማት ማድረግ ምንም አያጣራም፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው «ነጻ ቦታ» የሚለውም ያው የቺፑ ቃል ነው። ማጣሪያው አንድ ነው፦ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw)፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 (F3) የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ የታወቀ ይዘት እየጻፉ ይሞሉታል፣ ከዚያ ያነቡትና ስንቱ እንደተረፈ ይነግሯችኋል። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለመሙላት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እውነተኛ 2 ቴራባይት ቢሆን በዚያው ፍጥነት 28 ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ፈተናው ያለውን ሊደመስስ ስለሚችል ባዶ ዕቃ ላይ፣ በገዛችሁበት ቀን አድርጉት። በነገራችን ላይ 64 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 59.6 ቢታያችሁ ሻጩን አትክሰሱ፤ ፋብሪካው በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።

የስልክ ካሜራ ላይ ብዙ አንቆይም። 200 ሜጋፒክሰል የሚባለው ካሜራ በተለመደው አሠራሩ 16 ነጥቦችን ወደ አንድ እየጨመቀ የሚሰጣችሁ 12.5 ሜጋፒክሰል ፎቶ ነው፤ 108 የተባለውም ዘጠኝ ዘጠኙን ጨምቆ 12 ይሰጣል። እንዲህ የሚደረገው ነጥቦቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ለየብቻቸው በቂ ብርሃን መሰብሰብ ስለማይችሉ ነው። ልትገዙ ስትሄዱ ማታ በአምፖል ብርሃን የተጻፈ ወረቀት አንሡና አጉልታችሁ ፊደሉን ለማንበብ ሞክሩ፤ ይህ ከቁጥሩ የበለጠ ይነግራችኋል። «8+8 ራም» (ራም ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው) የሚለውም 16 ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው 8 ከፎቶና ከፋይል ማስቀመጫው የተበደረ ነው፣ ማስቀመጫው ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጩኸት እንምጣ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ጽሑፍ የሚጽፉና የሚመልሱ ማሽኖች መጥተዋል፤ ሰዉም እንደ ሊቅ ይጠይቃቸዋል፣ የተናገሩትንም እንደ ማስረጃ ይዞ ይከራከራል። ወገኖች፣ ይህን ተዉ። ማሽኑ የሚሠራው ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ ከዚህ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የቱ ነው የሚለውን እየገመተ ነው። ከፍለጋ ጋር ካልተያያዘ በቀር የሚገልጠው መዝገብ የለውም። ስለዚህ ሲያውቅም ሲስትም አነጋገሩ አንድ ነው፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የጠቀሰላቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ስድስቱ በዓለም ላይ የሌሉ ሆነው ተገኙ፣ 5,000 ዶላርም ተቀጡ። ከጠበቆቹ አንዱ ውሳኔዎቹ እውነተኛ ናቸው ወይ ብሎ ማሽኑን ጠይቆት ነበር። «አዎ» ብሎታል። ተከሳሹን ራሱን ምስክር አድርጎ መቁጠር ይህ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ማሽኑ ጽሑፍን በቁርጥራጭ እየቆጠረ ነው የሚያነበው። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቁርጥራጭ ሲሆን፣ የአማርኛ ቃል ግን ይበታተንበታል፤ በኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ በትክክል የመለሰውን ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ የሚሳሳተው በዚህ ነው። እናንተ ግን አማርኛው ለስለስ ስላለ ብቻ ታምኑታላችሁ።

ካልተዋችሁት እንዲህ ተጠቀሙበት። ቀን፣ ቁጥር፣ የሰው ስም ወይም የሕግ አንቀጽ ከሰጣችሁ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አዲስ ውይይት ከፍታችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተለዋወጠ አያውቀውም። ባይለዋወጥም ገና አልተረጋገጠም፤ ያን ጊዜ ወደ ዋናው ሰነድ ሂዱ። «እርግጠኛ ነህ?» ማለት አይጠቅምም፤ የተሳሳተውን «አዎ» ሊላችሁ፣ ትክክለኛ መልሱን እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ሊቀይርላችሁ ይችላል። ሰነዱን ራሳችሁ ሰጥታችሁ «ከዚህ ውጭ አትናገር፣ የወሰድክበትን ዓረፍተ ነገር ጥቀስ» ስትሉት ይሻላል፤ የጠቀሰውንም ሰነዱ ውስጥ ፈልጉት። የመድኃኒት መጠን አትጠይቁት። የመታወቂያ፣ የውልና የሕመም ወረቀት አታስገቡበት። ረቂቅ ለማዘጋጀት፣ ረጅም ጽሑፍ ለማሳጠር፣ ወዲያው አስኬዳችሁ የምታዩትን ኮድ ለመጻፍ ያገዛል፤ ይህን አንክድም። ዋናው ነገር መልሱን ራሳችሁ ማረም የምትችሉበት ሥራ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1966 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤሊዛ የሚባል ፕሮግራም አሳይቶ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያነጋግረው ሰው የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ገልብጦ ከመመለስ ያለፈ ምንም አያውቅም፤ ሆኖም ሰዎች የልባቸውን ምሥጢር ያጫውቱት ጀመር። ዋይዘንባውም ራሱ ነገሩ አስደንግጦት ኋላ ላይ ሕይወቱን ሙሉ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። እንግዲህ ማሽኑ ቢሻሻልም የሰው ድክመት ያው ነው።

ለመሥሪያ ቤት የምትገዙ ደግሞ ለብቻችሁ ስሙ። «ከመቶ 99 ትክክል ነው» ተብሎ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲቀርብላችሁ ታጨበጭባላችሁ። ወረቀት አውጡ። 10,000 ሰዎች ይመርመሩ፤ ከነሱ መካከል በእርግጥ የሚፈለጉት 10 ናቸው እንበል። ማሽኑ አሥሩንም ያገኛል። ከቀሩት 9,990 ንጹሐን ግን ከመቶ አንዱን በስሕተት ይጠቁማል፤ ወደ 100 ሰው ማለት ነው። 110 ሰው ተጠቁሞ ጥፋተኛው 10 ብቻ ነው። መቶው ሰው ለማን ይጮኻል? ሻጩ በራሱ ምሳሌ የሚያሳያችሁን ትዕይንት አትዩ። ከራሳችሁ መዝገብ፣ የደበዘዘውንም የተቀደደውንም ጨምራችሁ፣ 100 ሰነድ ስጡት፤ ስሕተቱን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የተሳሳተውን የሚያርመው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚታረም ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሌላው የማትጠይቁት ጥያቄ ዕቃው ያለ ኩባንያው ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ሂውሜን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ደረት ላይ የሚለጠፍ ስልክ የሚተካ የተባለለት መሣሪያ በ699 ዶላር ሸጠ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 መሣሪያው በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ዋና ኮምፒውተር (ሰርቨር) ተዘጋ፤ መሣሪያው መደወልም መመለስም አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016ም ሪቮልቭ የሚባለው የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ ባለቤቱ ኩባንያ አገልግሎቱን ሲያቆም ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል። ዕቃው አልተሰበረም፤ ገመዱ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ «ስማርት» ቁልፍ፣ አምፖል ወይም ካሜራ ከገዛችሁ መመለስ በምትችሉበት ጊዜ ውስጥ ኢንተርኔቱን ከራውተሩ አጥፉና ሞክሩት። በሩ ካልተከፈተ፣ መብራቱ ካልበራ መልሱት። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ ከሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የወጣ አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል፤ አብዛኛውን ለማንሣት ባለሙያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ዘንድ ሄዶ አንድ ፋይል በእጁ ማጥፋት ነበረበት። የወረቀት መዝገብና በእጅ መሥራት የሚያውቅ ሰው ያቆየ ቢሮ እንዲህ ባለ ቀን ሥራውን መቀጠል ይችላል።

በመጨረሻ፣ አሮጌውን ለመጣል አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ወደ ጥቅም የተመለሰው ከሩብ በታች ነው። «ስልኬ አርጅቷል» የምትሉት ብዙ ጊዜ ያረጀው ባትሪው ነው። የሊትየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ሲያልቅ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል፤ ደካማ ባትሪ ሥራ ሲበዛበት ቮልቱ ስለሚወድቅ ስልኩ 20 ከመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል። ባትሪውን ማስቀየር ከአዲስ ስልክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከተቀየረ በኋላ በተቻለ መጠን ከ20 እስከ 80 ከመቶ ባለው ውስጥ አቆዩት፤ ፀሐይ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ትራስ ሥር ቻርጅ አታድርጉ፣ ከምንም በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው። የስልኩ ጀርባ ወይም ስክሪኑ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ባትሪው አብጧል፤ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። አሁኑኑ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡና ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።