ቦርከና የፍሳሽ ማጣሪያ አይደለም

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ነዋሪዎች ስለ ቦርከናና ሌሎች ወንዞቻቸው መበከል ላነሱት ጥያቄ ከአንድ ኃላፊ የተሰጠው መልስ ሁለት ነበር። አንደኛው ወንዝ እየፈሰሰ ራሱን ስለሚያጠራ ያን ያህል አያሳስብም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ ውኃ ስለሆነ የወንዙ ነገር ከመጠጥ ውኃ ጋር አይገናኝም የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ተመስግነው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታለፈ።

ሁለተኛው መልስ ከመንገደኛ ቢሰማ በዝምታ ይታለፍ ነበር፤ ውኃን እንዲጠብቅ ደመወዝ ከሚከፈለው ሰው ሲመጣ ግን ዝም የሚባል አይደለም። ጉድጓድ ውኃ አይፈጥርም። ኮምቦልቻ የተቀመጠችው ቦርከናና ገባሮቹ ለዘመናት ተሸክመው ያወረዱት ደለል በሞላው ሜዳ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት መሬት ደግሞ ዝናቡንም ወንዙንም ወደ ውስጥ ያሰርጋል። በወንዝ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ቀንና ሌሊት በሞተር ሲሳብ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ከወንዙ በታች ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ክፍተቱን ለመሙላት የሚመጣው ያው አይመለከተንም የተባለው የወንዝ ውኃ ነው። አፈሩ የተወሰነውን ያጣራ ይሆናል፤ ምን ያህሉን እንደሚያጣራና ለስንት ዓመት እንደሚችል ሳይለካ ጉድጓዱን መተማመኛ ማድረግ ግን በሕዝብ ጤና መቆመር ነው። ደግሞስ ከቧንቧው የራቀው ገበሬ ከየት ይጠጣል? ከኮምቦልቻ በታች ያለው አርሶ አደር አትክልቱን በቦርከና ያጠጣል፤ በበጋ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ የሚመጣው የአፋር አርብቶ አደርም የሚጠብቀው ይህንኑ ወንዝ ነው። እነዚህ ሰዎች በመልሱ ውስጥ ነዋሪ ተብለው እንኳ አልተቆጠሩም።

ወንዝ ራሱን ያጠራል የሚለው አባባል በቂ ውኃና አየር ባለበት ለሚበሰብስ ቆሻሻ ይሠራል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም የተባለው ብረታማ ንጥረ ነገር ግን አይበሰብስም፤ ጀበና ውስጥ እንዳለ አተላ ይዘቅጥና ክረምት ሲገባ ጎርፍ አነሳስቶ ወደ ታች ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበለው የለዮሌ ወንዝ በበጋ ቀጥኖ ሲታይ ይህን ሸክም በምን ውኃው አቅጥኖ እንደሚያጠራው ኃላፊው ቢያስረዱን በወደድን።

ቆሻሻው የሚመጣው ከላይ ከደሴ ነው የሚሉም አሉ። የደሴ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ቦርከናን ማቆሸሹ እውነት ነው፤ ደሴም ልትጠየቅበት ይገባል። ነገር ግን የደሴ መጸዳጃ ቤት ክሮሚየም አያመነጭም፤ የላይኛው ማጥፋቱም ለታችኛው ፈቃድ አይሆንም።

ፋብሪካዎቹ እንጀራ ናቸውና አትንኳቸው የሚለው ማስፈራሪያም ጊዜው አልፎበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት እፎይታ ሰጥቶ ነበር፤ እፎይታው ካበቃ ቆይቷል። ማንም ፋብሪካ ይዘጋ አላለም። የተጠየቀው የፍሳሽ ማጣሪያው በጉብኝት ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም እንዲሠራ፣ የምርመራው ውጤትም በየወሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ መለጠፉ ማንን ይጎዳል?

መድረክ ላይ መልስ ያጣ ነዋሪ ግን መሄጃ አላጣም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይግባ፤ የገባበት ቀንም በማኅተም ይረጋገጥ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።