ስምንት ኮር ስንት ነው?

የአክስቴ ልጅ የሚሠራው ጅዳ ነው። ባለፈው ዓመት በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ላከልኝ፤ የድሮ ጌሞችን በኢሙሌተር፣ ማለትም የሌላ ማሽንን ሥራ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚያጫውት ዓይነት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ኮር» ይላል። ኮር ማለት ቺፑ ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራው ክፍል ነው። ስደውልለት «አብሽር፣ ስምንት ኮር ነው! የማያነሳው ጌም የለም» አለኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የፕሌይስቴሽን 2 እግር ኳስ ነው። ልጅ ሆነን ደሴ ፒያሳ ጌም ቤት ወረፋ ይዘን የምንጫወተው። ገና ኳሱ መሐል ሜዳ ሳይሻገር ስታክ አደረገ። የተንታኙ ድምፅ ባትሪ እንደጨረሰ ቴፕ ተጎተተ።

ሻጩም ገዢውም የሚያወዳድረው በኮር ብዛት ነው። ለኢሙሌሽን ከሆነ ግን ይህ ቁጥር ብዙም አይነግረንም ባይ ነኝ።

የኔ መጫወቻ ቺፕ ዩኒሶክ ቲ618 ይባላል። ስምንት ኮር አለው፣ አልተዋሸም። ከስምንቱ ስድስቱ ግን ኮርቴክስ ኤ55 ናቸው፤ ባትሪ እንዲቆጥቡ የተሠሩ ትንንሾች። ጉልበት ያላቸው ኤ75 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ቢሆንስ?» ይባል ይሆናል። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ፕሮሰሰር ፍጥነቱ 295 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። የኔዎቹ 2 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ሰባት እጥፍ ሊጠጉ ነው። ለምን አልበቃም? የፕሌይስቴሽኑ ቺፕ ቋንቋ ሌላ ነው። ኢሙሌተሩ ትእዛዙን እየተረጎመ ነው የሚያስኬደው። ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን ደግሞ ሁለት የሒሳብ ክፍሎች፣ የምስል ቺፕና የድምፅ ቺፕ አሉ። ሁሉም እኩል እየሠሩ አንዱ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል። ያን ሁሉ እንዳይዛነፍ አድርጎ፣ በሰከንድ 60 ምስል ማውጣት አለበት። ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሥራ ለስምንት ተከፋፍሎ አያልቅም። አንድ ምጣድ ላይ ስምንት ሰው አይጋግርም።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስቲም ዴክ የሚባል በእጅ የሚያዝ መጫወቻ እንይ። ኮሩ አራት ብቻ ነው። ግን እያንዳንዱ እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ጎበዝ ኮር ስለሆነ የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን በአብዛኛው ያለችግር ያጫውታል። ሬትሮይድ ፖኬት 5 የሚባለው መጫወቻ ውስጥ ያለው ስናፕድራገን 865 ቺፕ ደግሞ እንደኔው ስምንት ኮር ነው። ልዩነቱ ከስምንቱ አራቱ ኤ77 የሚባሉ መሆናቸው፣ አንዱም 2.84 ጊጋኸርዝ መድረሱ ነው። ካርቶን ላይ ቢጻፍ ሁለታችንም «8 ኮር» ነን። ሜዳ ላይ ግን አንገናኝም።

በተቃራኒው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 34 ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም። ለሱ የአንበርኒክ ርካሽ መጫወቻዎች ላይ ያለው ኦልዊነር ኤች700 ቺፕ፣ በአራት ትንንሽ ኮሮቹ፣ ይበቃል። የፒኤስፒን፣ የሶኒን በእጅ የሚያዝ የድሮ መጫወቻ፣ ቀለል ያሉ ጌሞችንም ይሞክራል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን ጌም መጫወት እንደሚፈልግ ነው።

ጉልበትም በነፃ አይመጣም። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ነው። ቺፑ ብቻውን እስከ 15 ዋት ይበላል። ከባድ ጌም ከከፈቱበት ሁለት ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጌም የሚያምረን መብራት ሲጠፋ ነው!

ሙቀቱም አለ። የኔው ማራገቢያ የለውም። ደሴ ብርዱ ያግዘዋል መሰለኝ፣ እንደምንም ይንፏቀቃል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ያው ጌም ይብስበታል። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳላ።

ትናንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። አዲስ ሞዴል አይቷል። «ይሄኛውማ ስምንት ኮር ሆኖ...» ሲል አላስጨረስኩትም።

«የኮሮቹን ስም አንብብልኝ» አልኩት።