ዶሮዋ አልተነካችም

የዘንድሮን ፋሲካ እንዴት አያችሁት? በቴሌቪዥን ማለቴ ነው። እኔ ከቅዳሴ መልስ ገድፌ ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ አቅራቢዋ በሐበሻ ቀሚስ አሸብርቃ «ዛሬ ማለዳ ከእናንተ ጋር ነን» ትላለች። ጥግ ላይ «ቀጥታ» የሚል ቀይ ጽሑፍ በርቷል።

እጅ መንሣት ይገባል። እኛ ሰነፎቹ 55 ቀን ሙሉ ፋሲካን እንጠብቃለን። እነሱ ደብረ ዘይት እንኳ ሳይገባ አክብረው ጨርሰዋል። ከእንግዶቹ አንዱ ወዳጄ ነው፤ እሱ ነው የነገረኝ። ቀድሞ መቅረጽ ይሉታል፤ እኔ ትንቢት ብየዋለሁ።

ዶሮዋን ግን ሳላነሳ አላልፍም። መሶቡ መሀል ጉብ ብላለች። እንግዶቹ አራት ናቸው፣ አራቱም ጿሚ። «ኧረ ብሉ፣ በሞቴ!» ትላለች አቅራቢዋ። አንዱ እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጡን ነካ አድርጎ፣ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ካሜራው ወደ ረከቦቱ ይሸሻል። ሲመለስ ጉርሻው የለም። አፉም አይንቀሳቀስም። የት ገባ? ሌላዋ «ቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። ወዳጄ እንቁላሏን እንደ ሎተሪ ያገላብጣታል። ቆጠርኩ፤ 12 ብልት ገብታ 12 ብልት ወጣች። ደግሞ እኮ «እጅሽ ይባረክ፣ ጨው የለ ቅመም የለ፣ ሁሉም ልክ!» ተባለላት። ሳትቀመስ! ለዳግማይ ትንሣኤም ያው ሸክላ ድስት፣ ያቺው ዶሮ ቀረበች። ወጡ ትንሽ ደርቋል።

እንቁጣጣሽማ ይብሳል። ሐምሌ ላይ አደይ ከየት ይምጣ? የፕላስቲክ ነው። «ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ወጣች» ሲባል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቀዋል።

መቅረጹን አልጠላሁም። ካሜራ ያዡም በዓልን ከልጆቹ ጋር ይዋል። ግን «ዛሬ ማለዳ» ብሎ መዋሸት ምን አመጣው? እናቴ በዓልን ብቻዋን ነው የምትውለው። ቴሌቪዥኑ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲላት ከወንበሯ ብድግ ብላ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትላለች። ከልቧ! እሷን ማሞኘት ነውር ነው። «ቀደም ብሎ የተቀረጸ» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ይቅርታ፣ ተናደድኩ። ትናንት ያ ወዳጄ ደወለልኝ። ግንቦት ነው፤ ለገና ገና ሰባት ወር አለ። ለገና ፕሮግራም ተጋብዟል።

«ምን ልልበስ?» አለኝ።

«ጋቢ ደርብ» አልኩት፤ «ታኅሣሥ ይበርዳል።»