የፋብሪካን ወንበር ቆርጦ የእሽቅድድም ቀበቶ መግጠም፦ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ፦ «የመኪናን የፋብሪካ ወንበር ቤት ውስጥ አስተካክሎ ባለ ስድስት ነጥብ (ስድስት ቦታ ላይ የሚታሰር) የእሽቅድድም ቀበቶ መግጠም ተገቢ ነው።» የሚደግፈው ወንበሮችን በራሱ ጋራዥ የሚያስተካክል የትራክ (የእሽቅድድም ሜዳ) ነጂ ነው። የሚቃወሙት ትራክ መግቢያ ላይ መኪና የሚፈትሹ ሰው ናቸው።

ነጂው

በየመኪናው ያለው ባለ ሦስት ነጥቡ ቀበቶ ለመንገድ ግሩም ነው። ትራክ ላይ ግን ሰውን በቦታው አያቆይም። ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ስትገባ ሰውነትህ ወደ ጎን ይሄዳል። ጉልበትህን በሩ ላይ ታስደግፋለህ፣ መሪው ላይ ትንጠለጠላለህ። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር አይሰማውም።

እንቅፋቱ ወንበሩ ነው። የፋብሪካ ወንበር በጭን መሃል ለሚያልፈው ቀበቶ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ብዙው ሰው ይህ የጭን መሃል ቀበቶ የሌለውን ባለ አራት ነጥብ ገጥሞ ይገባል። እሱ ነው አደገኛው። ግጭት ሲመጣ የትከሻዎቹ ቀበቶዎች መቆለፊያውን ወደ ላይ ይስቡታል። የወገቡ ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ላይ ይነሳና ሆድ ላይ ያርፋል። ሰውየው ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል፤ የሆድ ዕቃ የሚጎዳው ያኔ ነው። ይህን የሚከለክለው በጭን መሃል የሚወርደው ቀበቶ ነው። እሱ ደግሞ ማለፊያ ይፈልጋል።

የወንበሩን ልብስ አወልቃለሁ፣ ስፖንጁን በስል ቢላ እቆርጣለሁ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ አጠናክሬ ቀበቶውን አሳልፋለሁ። የምቆርጠው እኮ ስፖንጅ ብቻ ነው። ቀበቶው የሚታሰረው ወለሉ ላይ ነው። ከወለሉ ሥር የማስገባው ላሜራ ደግሞ ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አካል ኤፍ አይ ኤ ለውድድር መኪኖች የሚጠይቀውን ያሟላል፦ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቢያንስ 40 ስኩዌር ሴንቲሜትር ስፋት።

ፈታሹ

«ስፖንጅ ብቻ»! ልጄ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ሰው የሚሞትበትን ነገር እንዲህ አቃለህ ትጽፋለህ?

የወንበር ስፖንጅ ለምቾት ብቻ የገባ አይደለም። ጥንካሬውና ውፍረቱ የተለካ ነው። ግጭት ሲመጣ ዳሌህ ወደ ታች እየሰመጠ ወደ ፊት ይገፋል። ያን ጊዜ የሚይዝህ የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ነው፤ ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚህ ነው። መሃሉን ስትቆርጠው ዳሌህ የሚሰምጥበት ልክ ይለወጣል። ሰውነት በሰመጠ መጠን ቀበቶው ይላላል። በዚያ ላይ እዚያው ስፖንጅ ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ ይኖራል። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ወንበር ሰው መቀመጡን የሚለይ ሴንሰር አለው። የመደገፊያው ጎን ላይ ደግሞ ኤርባግ አለ። ቢላ ይዘህ የምትገባው እዚህ ውስጥ ነው።

ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ለቮልቮ ከመሥራቱ በፊት፣ አብራሪን ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። የአብራሪዎችን ቀበቶ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለመንገድ ግን ሌላ መረጠ። የዛሬው የመኪና ቀበቶ በግጭቱ ቅጽበት ይጠብቃል፣ ከዚያ ደረትህ እንዳይሰበር በልኩ ይለቃል፤ ኤርባጉ ይቀበልሃል። ያንተ ቀበቶ አይለቅም። ደረትህን ቀጥ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ራስህ ብቻውን ወደ ፊት ይሄዳል። አሜሪካዊው የእሽቅድድም ነጂ ዴል ኧርንሃርት እ.ኤ.አ. በ2001 ዴይቶና ትራክ ላይ የሞተው የራስ ቅሉ መሠረት ተሰብሮ ነው። የአሜሪካው የእሽቅድድም ድርጅት ናስካር በዚያው ዓመት የአንገት መጠበቂያን (ራስ ወደ ፊት እንዳይወረወር የሚይዘውን መሣሪያ) ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ ዋን በ2003 ተከተለ። አንተ ስለ አንገት አንድ መስመር አልጻፍክም።

ነጂው

በመጀመሪያ ልጄ አይበሉኝ። እዚህ የመጣሁት ልመከር ሳይሆን ልከራከር ነው።

ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ቃል መዘዙ። እኔ የምሠራው ወንበር ከስፖንጁ ሥር ላሜራ የለውም። የሽቦ መረብና ሞላ ነው ያለው። ቀበቶው በሽቦዎቹ መካከል ያልፋል፤ አንድም ብረት አልነካም። ሥሩ ሙሉ ላሜራ የሆነ ወንበር ከሆነ አልቆርጠውም። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ቀበቶውን ይበላዋል፤ ይህን ለማወቅ ፈታሽ መሆን አያስፈልግም። ባትሪውን ሳልነቅል፣ ሳልጠብቅም፣ የኤርባግ ሶኬት ነክቼ አላውቅም። ባለ ሦስት ነጥቡም ቀበቶ በቦታው አለ፤ መንገድ ላይ የማስረው እሱን ነው።

ደግሞ ዋናውን ነገር ዘለሉት። ባለ አራት ነጥብ አደገኛ ነው ብያለሁ። ቀዳዳውን ከከለከሉ ሰው የሚገጥመው እሱን ነው። ምን ይላሉ?

ፈታሹ

እሺ፣ ልጄ አልልዎትም።

ርዕሱ የተከፈተው «የመኪና የፋብሪካ ወንበር» ተብሎ ነው። አሁን «ሥሩ ሽቦ የሆነ ወንበር» ሆነ። ታዲያ የመጀመሪያውን ጽሑፍዎን አንብቦ ቢላውን ያነሳው ሰውዬ ወንበሩ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? «ስፖንጅ ብቻ» ያሉት እርስዎ ነዎት። እሱ ያነበበው ያንን ነው።

የሽቦ መረብም ቢሆን ስፖንጁን የሚሸከመው እሱ ነው። ቀበቶው በሽቦዎቹ መካከል ሲያልፍ ግጭት ላይ ይፋተጋል። ይህን አይተውታል?

ወደ ትከሻው እንሂድ። የትከሻ ቀበቶ ከትከሻ ወደ ኋላ አግድም መሄድ አለበት፤ የአንገት መጠበቂያ ላደረገ ሰው ዝቅታው ከ20 ዲግሪ እንዲበልጥ አይፈለግም። ከኋላ ወለል ላይ ከታሰረ ግጭቱ ትከሻን ወደ ታች ይጫናል፤ ጫናው አከርካሪ ላይ ይወርዳል። የፋብሪካ ወንበር ደግሞ ለትከሻ ቀበቶ ማለፊያ የለውም፤ በራስ መደገፊያው ዘንጎች በኩል ነው የሚያሾልኩት። መደገፊያው የሚተኛና የሚነሳ ወንበር ነው። የሚይዘው ማርሽ በዚያ አቅጣጫ እንዲህ ያለ ጭነት ይሸከማል ተብሎ አልተሠራም። መኪናው ቢገለበጥስ? ባለ ሦስት ነጥቡ ወደ ጎን እንዲያዘነብሉ ይፈቅዳል። የእርስዎ ቀበቶ ጣሪያው እየወረደ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጥዎታል። ጣሪያው እንዳይደቅቅብዎት የሚይዝ የብረት ኬጅ አለዎት?

አንገትዎንም አሁንም አልነገሩኝም።

ነጂው

ሥልጣን እንደያዘ ሰው ይጠይቁኛል። እኔም ልጠይቅ።

ፍተሻ ላይ ስንቆም ምን ታያላችሁ? ቀበቶው ላይ የተሰፋውን መለያ። የማብቂያ ቀኑ ካላለፈ አለቀ፣ ግባ ትላላችሁ። ከወንበር ሥር ጎንበስ ብሎ ብሎኑን በእጁ የነቀነቀ ፈታሽ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀበቶው ፊት ለፊት አዲስ ሆኖ፣ ከሥር ግን ላሜራ በሌለው ቀጭን ወለል ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ መኪና ሲያልፍ አይቻለሁ። የኔ፣ ሁሉ ነገሩ በሥርዓት የተሠራው፣ «ቤት ውስጥ የተሠራ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ቤት የተሠራ መሆኑ ነው ጥፋቱ? የፋብሪካን ወንበር ባለ ፋብሪካው አስተካክሎ አይሰጠኝም። የግድ አንድ ሰው እጁን ማስገባት አለበት። ያ ሰው እኔ ስሆን ቢያንስ የሚቀመጥበትም እኔው ነኝ።

የትከሻውን አንግል አውቀዋለሁ። ቀበቶውን የማስረው ከወንበሩ ኋላ ከግራ ወደ ቀኝ በተበየደ የብረት ቱቦ ላይ ነው፤ ከፍታው ከትከሻዬ ጋር ተለክቷል። መደገፊያው ጭነት አይሸከምም፣ ቀበቶውን ይመራል እንጂ።

ፈታሹ

እኔ እጎነበሳለሁ። ወገቤን እያመመኝ እያንዳንዱ መኪና ሥር በባትሪ ብርሃን አያለሁ። የሌላውን ስንፍና በእኔ ላይ አይጫኑ። ይህ ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ የተበየደ ቱቦ መጣ። ስፖንጅ በቢላ ከመቁረጥ ተነስተን ቤት ውስጥ ብየዳ ላይ ደረስን። ብየዳው የሚይዘው ያንን ጭነት መሆኑን ማን ፈተነው? ለእኔ ነገሩ ከእንግዲህ ወንበር አይደለም። እኔ በሩ ላይ እስካለሁ ድረስ ኬጅና የአንገት መጠበቂያ የሌለው ሰው የእሽቅድድም ቀበቶ አስሮ አይገባም። አራት ነጥብም ይሁን ስድስት። በራሱ በመኪናው ቀበቶ ይግባና ፍጥነቱን ይቀንስ።

ነጂው

«ፍጥነቱን ይቀንስ» የተባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። እንግዲያው ባለ አራት ነጥቡንም ሊከለክሉ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቢሉኝ ኖሮ ግማሹን ባልጻፍኩ ነበር። እስከ ዛሬ ግን በዚያው በር ሲገቡ አያለሁ።

ቱቦውን ለመፈተን ዝግጁ ነኝ። ወንበሩንም ፈትቼ፣ ልብሱን አውልቄ፣ ሥሩ እንዲታይ አድርጌ አመጣዋለሁ። ከማየትዎ በፊት ግን ቤት የተሠራ ነው ብለው እንዳይመልሱት በጽሑፍ ይስጡኝ።

ፈታሹ

በጽሑፍ እሰጣለሁ። የአንገት መጠበቂያውንም ይዘው ይምጡ። ያለ እሱ ወንበሩን አልገለብጠውም።