ፕሮሰስ ላይ ላላችሁ በሙሉ

ዛሬ እስቲ አንድ ባለውለታችንን እናመስግን፣ ስሙ ፕሮሰስ ይባላል። ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይ አድርጎ እንግሊዝኛ ገባ፣ ከዛ እኛ ቢሮ ሲደርስ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። የላቲን ሥሩ ወደ ፊት መሄድ ማለት ነው፣ ታዲያ ስንት መቶ ዓመት ሲሄድ የኖረ ቃል ማረፍ አይገባውም?

በፊት "ነገ ና" ነበር። "ነገ ና" የጀማሪ ስራ ነው፣ ውስጡ ቀን አለ፣ ቀን ካለ ደሞ ባለጉዳይ የሚባል ፍጡር በነጋታው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ተገትሮ "ነገ ና ብለኸኝ ነበር" ይልሃል። "ፕሮሰስ ላይ ነው" ግን ቀን የለው፣ ሰው የለው። ማን ጋ ነው? ፕሮሰስ ላይ። መቼ ያልቃል? ፕሮሰሱ ሲያልቅ። ውሸት ነው እንዳትል ውሸትም አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ አቧራ መጠጣትም እኮ በደንብ ላየው ሰው ፕሮሰስ ነው። እኔ ለአንዲት ማስረጃ ስመላለስ "ፕሮሰስ ላይ ነው" ያለችኝ ልጅ ፋይሌን ክርኗ ስር አድርጋው ነበር፣ ስሜን ከላይ አነበብኩት፣ ግን እንዴት ባለ ትህትና እንደነገረችኝ! አመስግኜ ወጣሁ፣ ለምን እንዳመሰገንኩ የጠፋኝ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ምስኪኖች ናቸው፣ ይሄን የመሰለ ቃል ለስንቱ ይበትኑታል። ፍርድ ቤት ሲሄዱ መጥሪያው ፕሮሰስ ነው። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ከአጥንት ወጣ ያለው ጉብታ ፕሮሰስ ነው፣ ጀርባህን ዳበስ ስታደርግ የሚቆጠረው ሁሉ ማለት ነው፣ ለካ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ፕሮሰስ ተሸክሞ ነው። ኮምፒውተር ላይ ደሞ እየሰራ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፣ እየሰራ ያለ፣ ልብ በሉ። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ግን አንድ እኛን የሚመስል አገኘሁ፣ ዞምቢ ፕሮሰስ ይሉታል፣ ስራውን ጨርሶ ያለቀለት ነው ግን የወለደው ፕሮሰስ መጨረሱን አይቶ ስላልተቀበለው ስሙ መዝገብ ላይ ተጎልቶ ይቀራል። ይሄን እንደ ችግር ነው የሚያዩት ይታያችሁ! እኛ ጋ እኮ ጉዳይህ አልቋል የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው፣ ኃላፊው ደሞ አዳማ ስልጠና ላይ ናቸው።

ቢፒአርን፣ ያን የመሥሪያ ቤት አሰራርን ከስሩ እንቀይር የተባለበትን፣ የምታስታውሱ አላችሁ? ማይክል ሀመር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 የማያስፈልገውን ስራ በኮምፒውተር አታፍጥኑት፣ ከነጭራሹ አጥፉት ብሎ ጻፈ። ሀሳቡ እኛ ሲቪል ሰርቪስ ሲደርስ በር ላይ ያለው ጽሁፍ ተቀየረ፣ መምሪያ የነበረው "ዋና የሥራ ሂደት" ሆነ፣ ኃላፊ የነበረው "የሥራ ሂደት ባለቤት" ሆነ። ርስት አላችሁ ወይ ቢባሉ ቢያንስ እነሱ ሂደት አላቸው።

የሚገርመው ሀመር በጻፈበት በዛው ዓመት ህዳር ላይ ትልቁ ቡሽ የፈረሙት ህግ ነው ዲቪን የወለደው፣ በአንድ ዓመት ሁለት ፕሮሰስ መጣልን ማለት ነው፣ አንዱ እዚህ የሚያቆይህ አንዱ ከዚህ የሚያወጣህ። ሰፈራችን ውስጥ "እሱ ፕሮሰስ አለው" ከተባለ አለቀ፣ ዲግሪ አለው ከማለት ይበልጣል። ጎረቤቴን እዩት፣ ቨርጂኒያ ያለች እህቱ ዜጋ ሆና ፋይል አስገባችለት፣ የወንድም ፋይል ደሞ ተራው እስኪደርስ ከ10 ዓመት በላይ ነው የሚጠበቀው፣ እሱ ግን ከዛች ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥን አልገዛም፣ ሻንጣ ውስጥ ነው ልብሱ። ስራ ለምን አትጀምርም ሲሉት ፕሮሰስ ላይ ነኝ፣ አታገባም ወይ ሲሉት ፕሮሰሱን ያበላሽብኛል፣ የሚያፈሰውን ጣራ አትጠግንም ሲሉት እንኳ ቀና ብሎ ያይና ለሚሄድ ሰው ይላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሻንጣውን ወደ ደረቁ ጥግ ያዛውራል፣ እሱም አንድ እርምጃ ነው።

አሁንማ ቃሉ ቤት ገብቷል። ብድር ሲጠየቅ ፕሮሰስ ላይ ነው፣ የተጣላች ፍቅረኛ ቴክስት ሲደረግላት "ፕሮሰስ እያደረግኩት ነው" ትላለች። እኔም ተለማመድኩትና ባለፈው እሁድ እናቴ "ልጄ መቼ ነው የምታገባው?" ስትለኝ "ፕሮሰስ ላይ ነው እማዬ" አልኳት። ዝም አለች፣ ደስ አለኝ፣ ሰርቷል ማለት ነው። 7 ሰዓት ሲሆን ራበኝና "እማ፣ ምሳ ደረሰ?" አልኩ።

"ፕሮሰስ ላይ ነው።"

ሄጄ ሳይ ምድጃው አልተለኮሰም፣ ሽንኩርቱም አልተላጠ፣ እሷ ቡናዋን ይዛ ቲቪ እያየች ነው።